ወደ ጋሞ ተራሮች ልሂድ ለሚል ሰው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አርባ ምንጭንና ከበላይዋ ያሉትን ተራሮች ለማየት የሚያስብ ሰው ከሚያነሳቸው ቀላል ጥያቄዎች ተነስተን ከበድ ወዳሉት እንሄዳለን።

የጋሞ ደጋ የሚባለው የቱ ጋ ነው?

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጋሞ ዞን ውስጥ፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ ቀጥ ብሎ የቆመው ተራራ ነው። (የድሮ ካርታ ከያዛችሁ የሚያሳያችሁ ሰፊውን የቀድሞ የደቡብ ክልል ነው፤ የአሁኑ ክልል የተመሠረተው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው።) አርባ ምንጭ የተራራው እግር ሥር ናት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 እስከ 1,300 ሜትር አካባቢ። ከዚያ ሽቅብ የምትወጡባት ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ታች ሙዝና ማንጎ ይበቅላል፣ ላይ እንሰት፣ ገብስና አፕል። ጠዋት በሙቀት ስትታጠቡ የነበራችሁ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ጋቢ ፍለጋ ትገባላችሁ።

አንድ ነገር ከመነሻው ይታወቅ፦ ተራራው ሁሉ ዶርዜ አይደለም። ዶርዜ፣ ደሬ ተብለው ከሚጠሩት 40 ያህል ባህላዊ የጋሞ አስተዳደሮች አንዱ ነው። ዶኮ አለ፣ ኦቾሎ አለ፣ ቦንኬ አለ፣ ሌሎችም አሉ፤ ሁሉም የራሳቸው መሪ፣ የራሳቸው መሰብሰቢያና የራሳቸው ኩራት አላቸው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ዶርዜ የሚለው ስም ለንቀት ሲወረወር የሰማ ጋሞ ብዙ ነው። ሰውየው ራሱ ዶርዜ ነኝ ካላላችሁ ጋሞ በሉት።

ከአዲስ አበባ እንዴት ይኬዳል?

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አርባ ምንጭ ይበራል። በመኪና ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ የሚሄደው ሲሆን 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌላው በሻሸመኔ ዞሮ ይመጣል፣ ወደ 500 ይጠጋል። በአውቶቡስ ከሆነ ሙሉ ቀን ብላችሁ ያዙት፣ ሌሊት ተነሱ።

ምርጫው የእኔ ቢሆን ቢያንስ አንዱን ጉዞ በመኪና አደርገዋለሁ። ከሶዶ ወርዳችሁ ወደ አርባ ምንጭ ስትነዱ በግራችሁ አባያ ይዘረጋል፣ በቀኛችሁ ደግሞ ነገ የምትወጡት ተራራ አብሯችሁ ይሄዳል። ከአውሮፕላን ይህን አታገኙም። ከተማዋ ስትደርሱ ሁለት ሰፈር እንደሆነች አስታውሱ፦ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሴቻ። በመካከላቸው ባጃጅ ይመላለሳል። ሐይቆቹን ከላይ ማየት የሚፈልግ ሴቻ ይደር፣ ገበያና መናኸሪያ አጠገብ መሆን የሚፈልግ ሲቀላ።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

ከኅዳር እስከ የካቲት መጀመሪያ። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መንገዱ ደረቅ ነው። እንደ ሰሜኑ "ክረምት ሲወጣ ዝናብ አበቃ" ብላችሁ ግን አታስሉ፤ አርባ ምንጭ አካባቢ ከባዱ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፣ ከክረምት በኋላም ይመለሳል። ደጋው ላይ ደግሞ በልጉም ክረምቱም አለ። በዝናብ ወራት ተራራው አረንጓዴ ነው፣ ግን ጭጋጉ ሲወርድ አሥር እርምጃ ፊታችሁን የማታዩበት ቀን ያጋጥማል።

ስለ ዝናብ ማስጠንቀቂያ ስንሰጥ ከልባችን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአጎራባቹ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። እንግዲህ ለበርካታ ቀን ሳያቋርጥ ከዘነበና የአገሬው ሰው "ዛሬ በዚህ አትሂዱ" ካላችሁ አትከራከሩ።

ስንት ቀን ይበቃል?

ብዙ ጉብኝት የሚዘጋጀው ይህን ተራራ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ማረፊያ አድርጎ ነው። ግማሽ ቀን ዶርዜ፣ ግማሽ ቀን ጫሞ፣ በማግስቱ ጂንካ። እንዲህ ከሆነ ቤት አይታችሁ ሰው ሳታዩ ትመለሳላችሁ። ቢያንስ አራት ቀን ስጡት፣ ከዚያ ውስጥ አንዱን ወይም ሁለቱን ሌሊት ተራራው ላይ እደሩ። ማታ ጭሱ በየጣራው ሲወጣና ጠዋት ደመናው ከእግራችሁ በታች ሲሆን ማየት የሚቻለው እዚያ ላደረ ሰው ብቻ ነው።

ምን ልያዝ?

ወፍራም ሹራብና የዝናብ ልብስ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ በቂ ጥሬ ገንዘብ። አርባ ምንጭ ወባ አለባት። ከመሄዳችሁ በፊት ጤና ባለሙያ አማክሩ፣ አጎበር የሌለው ክፍል አትያዙ። ደጋው ላይ ያሳሰባችሁ ብርዱ ብቻ ይሁን።

የዶርዜ ቤት ምኑ ነው እንዲህ የሚወራለት?

ከሩቅ ሲታይ ግንባሩን ወደ እናንተ ያዞረ ዝሆን ይመስላል። ከመግቢያው በላይ የምትወጣው ክፍል እንደ ኩምቢው ናት፣ ሁለቱ የአየር ማስገቢያዎች እንደ ዓይኖቹ። አጽሙ ሙሉ በሙሉ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የተጠለፈ ነው፣ ምሰሶ መሐል ላይ አታገኙም። ከላይ የሚለብሰው የእንሰት ሽፋን፣ የቀርከሃ ቅጠልና ሣር ነው። አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል።

ይህን ያህል ለምን እንደሚረዝም የምትረዱት አሮጌዎቹን ስታዩ ነው። ምስጥና እርጥበት ከታች ይበሉታል። ያን ጊዜ የበሰበሰው ይቆረጥና ቤቱ ትንሽ ያጥራል። ከዓመታት በኋላ እንደገና ይቆረጣል። ስለዚህ አንድ ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል፣ እያጠረ። ግቢ ውስጥ ረጅምና አጭር ቤት ጎን ለጎን ካያችሁ በአብዛኛው የምታዩት የዕድሜያቸውን ልዩነት ነው። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ቤቱ አይፈርስም፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ብዙ ሰው ከውስጥና ከውጭ ይዞ ተሸክሞት ይሄዳል።

ውስጡ ጨለማ ነው፣ ዓይናችሁ እስኪለምድ ታገሡ። መሐል ላይ ምድጃ አለ፣ በአንድ በኩል ከብቶቹ ያድራሉ፣ ትንፋሻቸው ሌሊቱን ያሞቃል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል ግን ቀርከሃውን ከነቀዝና ከተባይ የሚጠብቀው እሱ ነው። ማንም አርክቴክት ቢሆን ቁጭ ብሎ ሊያየው የሚገባ ሥራ ነው እላለሁ።

ምን እበላለሁ?

ላይ ቆጮ፣ ታች ዓሣ። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ ሴቶቹ ግንዱን ፍቀው፣ በቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ያብላሉታል፣ ከዚያም እናንተ ፊት እንደ ቂጣ ጠፍጥፈው በቅጠሉ ሸፍነው ይጋግሩታል። በዳጣ (በሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያ) እና በማር ይቀርባል። ዳጣው ኃይለኛ ነው፣ ማሩ የቀረበው በምክንያት ነው። አብሮ አረቄ ከመጣ አቅማችሁን እወቁ፤ ከፍታው ላይ ቶሎ ይይዛል።

አርባ ምንጭ ስትወርዱ ከጫሞ የወጣ ዓሣ ጉላሽም ሆነ ኮተሌት ብሉ። ከጨንቻ ደግሞ አፕል ግዙ። ከአሥርት ዓመታት በፊት በሚስዮናውያን በኩል የገባ ዛፍ ነው፤ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ፍሬውንም ችግኙንም እየሸጠ ይኖርበታል።

ሸማ መግዛት ከፈለግኩ እዚያ ይሻላል ወይስ ሽሮ ሜዳ?

ሽሮ ሜዳ ምርጫው ይበዛል፤ እዚያ የሚሸምነውም በአብዛኛው ከዚሁ ተራራ የወረደ ሰው ነው። ግን ተራራው ላይ ስትገዙ ሥራውን አይታችሁ ነው። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰድደው ይሸምናሉ። መወርወሪያው ሲመላለስ ያለውን ፍጥነት ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ጋቢ ላይ ዋጋ ለማስጣል አፉን አይከፍትም፣ ወይም ቢከፍት ቀስ ብሎ ነው።

ዱንጉዛን ፈልጉ፦ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የሚሠራው የጋሞዎች የክት ልብስ ነው። ሲገዙ እጅ ሥራ መሆኑን ጠይቁ፤ ፋብሪካ ያተመው አስመሳይ ጨርቅም በየቦታው አለ። ክሩን ነካ ነካ አድርጉት፣ የእጅ ፈትል ወጥ ውፍረት የለውም።

አማርኛ ይበቃኛል?

ከተማና ገበያ ላይ አዎ። ራቅ ወዳለ መንደር ስትገቡ ግን አዛውንቶቹ የሚያወሩት ጋሞኛ ነው፣ "ሳሮ" ብላችሁ ሰላምታ ብትጀምሩ ፊታቸው ይፈካል። ያው ሰላምታ ወላይታም ጋ ይሠራል፤ ጋሞኛ፣ ጎፍኛ፣ ወላይትኛና ዳውርኛ የሚቀራረቡ የኦሞ ቋንቋዎች ናቸው።

ትንሽ ራቅ ስትሉ ነገሩ ይለወጣል። በስተ ደቡብ ያሉት ዲራሼና ኮንሶ የሚናገሩት የኩሽ ቋንቋ ነው። ዘይሴዎች የራሳቸው አላቸው። አባያ ሐይቅ ውስጥ ያለችው የጊዲቾ ደሴት ደግሞ ባይሶ የሚባል፣ ተናጋሪው ጥቂት የሆነ የኩሽ ቋንቋ ይዛ በኦሞ ቋንቋዎች መሐል ተቀምጣለች። በአንድ ቀን መንገድ ይህን ሁሉ የምታገኙበት ቦታ ብዙ አይደለም። ለዚህ ነው የመንደሩን ተወላጅ አስጎብኚ ያዙ የምንለው፤ ከአዲስ አበባ ይዛችሁት የመጣችሁት ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል ግን አያቶቹን አያናግርላችሁም።

ሐይቆቹና ነጭ ሳር ፓርክስ?

ከተራራው ለይታችሁ አትዩዋቸው። ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ ነው ከታች አርባዎቹ ምንጮች ሆኖ የሚወጣው፤ ኩልፎ ወንዝ ከላይ ተነስቶ ከተማዋን አቋርጦ ጫሞ ይገባል። አባያ ቀላ ያለው ከየአቅጣጫው በሚታጠብ አፈር ነው፣ ጫሞ ግን ሰማያዊ ነው። ሁለቱን ከሚለየው የእግዜር ድልድይ ከሚባለው ጉብታ አንጻር ከሴቻ ስታዩ የቀለሙ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ነጭ ሳር በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ፓርክ ነው። የሜዳ አህያና የሜዳ ፍየል ይታያሉ፤ ቆርኬዎቹ ቁጥራቸው እጅግ ተመናምኗል። የውስጡ መንገድ ሻካራ ነው፣ ጠንካራ መኪና ይፈልጋል። ለወፍ ወዳጆች አንድ ነገር፦ በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እዚህ መንገድ ላይ የሞተች አንዲት የሌሊት በራሪ ወፍ ክንፍ አገኙ፣ በዚያች አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ስም ተሰጣት። ጫሞ ላይ በጀልባ መውጣት ከፈለጋችሁ በጠዋት ውጡ፤ አዞዎቹ እጅግ ትልልቅ ናቸው፣ ጉማሬውም አለ። እጃችሁን ውሃ ውስጥ አትክተቱ። መዋኘት የሚባል ነገር አይታሰብም።

መስቀልን እዚያ ማሳለፍ ይቻላል?

ይቻላል፣ ቢቻል ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ለሱ ሂዱ። ለጋሞ መስቀል የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፣ ዮ ማስቃላ ይሉታል። አዲስ አበባ የሚሸምነው፣ ሌላ ከተማ የሚነግደው፣ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ይመለሳል። ሠንጋ ይታረዳል፣ ቅቤው አይጠየቅም፣ የተጣላ ይታረቃል። አዲስ ተጋቢዎች አምረው ገበያ መሐል ይዞራሉ። ወንዶቹ በብዙ ድምፅ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑትን መስማት ብቻውን ለጉዞው ይበቃል።

ችግሩ ቦታ ነው። አውቶቡስም አልጋም አይገኝም፣ ከሳምንታት በፊት ያዙ። ቤቱም የቤተሰብ ቤት ነው በዚያ ሰሞን፤ ካልተጠራችሁ ሰተት ብላችሁ አትግቡ። ከተጠራችሁ ግን ባዶ እጅ አትሂዱ፣ ስኳርና ቡና ይበቃል።

ፎቶ ላንሳ? ገንዘብስ ልስጥ?

መጀመሪያ ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ እሺ በሉ። ገበያ ላይ ካሜራ ከመደቀን በፊት አንድ ነገር ግዙና ጨዋታ ጀምሩ። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው፣ የጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ፤ ቀኑን በዋዜማው አረጋግጡ።

መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጆች እየሮጡ አቋርጠው በየመታጠፊያው ቀድመዋችሁ ይጠብቃሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይገለባበጣሉ። ደስ ይላል ግን ብር አትወርውሩ። መኪና ሥር ይገባሉ፣ ትምህርት ይቀራሉ። መርዳት የምትፈልጉ ከሆነ ለመንደሩ ማኅበር ወይም ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ስጡ። የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያን አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ምን ምን እንደሚያካትትም ጠይቁ።

ሳላውቅ የማጠፋው ነገር ይኖራል?

ይኖራል። በየመንደሩ ዱቡሻ የሚባል አደባባይ አለ። ክፍት ሜዳ ነው፣ ድንጋይና ትልልቅ ዛፍ አለው፣ ባዶ ሲሆን ቁጭ ብላችሁ ምሳ ልትበሉበት ያምራችሁ ይሆናል። ግን ሕግ የሚወጣበት፣ ነገር የሚዳኝበት፣ እርቅ የሚወርድበት ቦታ ነው። ጠይቃችሁ ግቡ። በተከለከሉት ጫካዎችም እንደዚሁ፤ ቅርንጫፍ መስበር እንኳ ጎሜ ነው፣ ማለትም መዘዙ ለማኅበረሰቡ ሁሉ ይተርፋል ተብሎ የሚፈራ ጥፋት። እነዚያ ጫካዎች እስከ ዛሬ የቆሙት በዚህ ነው።

የሽማግሌዎቹን ክብደት ለመረዳት የመስከረም 2011 ዓ.ም.ን ነገር አስታውሱ። ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ አርባ ምንጭ ውስጥ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። እርጥብ ሣር የያዘን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ አይቻልም። ወጣቶቹ ተመለሱ። እነዚህን አባቶች ስታገኙ ኮፍያችሁን አውልቁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ሰላም በሉ፣ ቁጭ በሉ እስኪሏችሁም ጠብቁ።

ኮንሶን ልጨምርበት?

ጊዜ ካላችሁ በደንብ። ከአርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በድንጋይ የታጠሩ መንደሮቹና እርከኖቹ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ የተሠራ ሥራ ነው። ጋሞ ዝናብ በዝቶበት ይኖራል፣ ኮንሶ ዝናብ ያጥረዋል፤ ሁለቱም ተዳፋት ላይ አፈር ለመያዝ ያደረጉትን በተከታታይ ቀናት ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ዋካ የሚባሉት የጀግኖች መታሰቢያ የእንጨት ምስሎች ብዙዎቹ ተሰርቀዋል፤ አሮጌ ምስል እንሽጥላችሁ የሚል ካጋጠማችሁ በፍጹም አትግዙ።

ኮንሶ፣ ዲራሼና አማሮ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ግጭቶች ነበሩ። ከመነሳታችሁ በፊት የዞኑን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ሾፌሮችን ጠይቁ፣ የሳምንት ወሬ ሳይሆን የዛሬውን።

ብቻዬን በእግር ልውጣ?

መንገዱ የሰው መንገድ ነው፣ ገበሬው በየቀኑ ይሄድበታል፣ ስለዚህ ከጨንቻ ወደ ዶኮ ወይም ወደ ጉጌ አቅጣጫ የሚያስኬድ ጉዞ ጥሩ ጉልበት ላለው ሰው ይቻላል። ብቻችሁን ግን አይሆንም። ጭጋግ ድንገት ይወርዳል፣ የሰው ማሳና ግቢ አቋርጣችሁ ትገባላችሁ፣ የተከለለ ጫካ የቱ እንደሆነ አታውቁም። የአካባቢው ሰው አብሯችሁ ካለ ይህ ሁሉ ይቀላል፣ የምትከፍሉትም እዚያው ይቀራል።

ዶርዜ የሚታየው ነገር ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት አይደለም ወይ?

በከፊል ነው፣ እውነቱን ለመናገር። እንግዳ የሚቀበሉ ግቢዎች አሉ፤ ቆጮው በሰዓቱ ይጋገራል፣ ዱንጉዛው ይለበሳል፣ ይጨፈራል። ያ ግን ውሸት አያደርገውም። የሚታየው ሥራ እውነተኛ ሥራ ነው፣ ገቢውም ልጆቹን ያስተምራል፣ የቀርከሃ ቤት መሥራት የሚያውቁ ሰዎችም ሙያቸውን እንዳይተዉ አንድ ምክንያት ሆኗል። ቆርቆሮ ቤት ይቀላል፣ ይረክሳል፣ በየዓመቱም እየበዛ ነው፤ እነሱም ቆርቆሮ ቤት የመፈለግ መብት አላቸው። ለፎቶአችን ሲሉ ጭስ ውስጥ እንዲኖሩ መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ከትርኢቱ ያለፈውን ማየት የሚፈልግ ሰው ዶርዜን አይቶ አይመለስ። በገበያ ቀን ጨንቻ ይውጣ፣ በግ የሚጎትቱትን፣ ገብስ የተሸከሙትን፣ ከታች ጥጥ ይዘው የወጡትን ነጋዴዎች ይይ። ሻይ ቤት ገብቶ ይቀመጥ። ሰዉ ተናጋሪ ነው፣ ከየት መጣህ ብሎ ይጠይቃል፣ ሽሮ ሜዳ የሚኖር ወንድም ወይም አጎት የሌለው ጥቂት ነው፣ ጨዋታውም ከዚያ ይጀምራል።